እስከ ኋላ ወንበር

ጥቅምት 4
ደህና ዋልኩ። ከሰዓት የእጅ ፔዳል አዞርኩ... ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በእግር ፋንታ በእጅ የሚዞረውን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን "አንዴ ብቻ" ነው የምላት። "አንዴ ብቻ፣ ጋሼ!" ትላለች፤ በአንዴ ግን ለቃኝ አታውቅም። ትከሻዬ ነደደ። ደስ ይላል።

ሕብለ ሰረሰሬ ከተጎዳ ወዲህ የሆዴ ጡንቻዎች ሥራ ፈትተዋል። ተቀምጬ ሳወራ ወሬው ሳያልቅ ትንፋሼ ያልቃል።

ጥቅምት 9
ርዕሰ መምህሩ ቤት መጣ። "ኅዳር መጨረሻ ገብተህ አስተምር። እስከ ኋላ ወንበር ካልተሰማህ ግን ቤተ መጻሕፍት እንመድብሃለን።" ማይክራፎን ልያዝ? አልፈልግም። ግትር ነኝ፣ ምን ይደረግ። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ዝም የሚባልበት ቦታ ነው... እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?

ጥቅምት 21
ትንፋሼ ተለካ። ቱቦው ውስጥ ያለኝን ሁሉ ነፋሁ። ካለፈው ወርዷል! ያ ሁሉ ፔዳል የት ገባ? ባለቤቴን አኮረፍኳት። እሷ ምን አደረገች?

ጥቅምት 22
ጉዱ ወጣ። ቀበቶው ነው! ስቀመጥ ሆዴን ደግፎ ትንፋሼን የሚያግዝልኝ ሰፊው ቀበቶ። ቦርጬን አጉልቶ ሸሚዜ ላይ እንዳያስጠላ ብዬ ከፍ አድርጌ ጎድኔ ላይ አስሬዋለሁ። ደረቴ በምን በኩል ይከፈት?

"አንዴ ብቻ" በሳቅ ፈረሰች። "ጋሼ፣ ለማማር ብለው ትንፋሽዎን ጠፈሩት?"

ባለቤቴ ደግሞ ባሰች፦ "ቦርጭህን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።"

አፈርኩ። ከጎድኔ በታች አወረድነው። ወዲያው ቀለል አለኝ።

ኅዳር 6
ሳልኩ! ሆዴን ማንም ሳይጫንልኝ፣ ራሴ፤ ከተጎዳሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች።
"ምን ሆንክ?"
"ምንም። ሳልኩ።"
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። እኔም።

ኅዳር 28
ክፍል ገባሁ። ጂኦግራፊ፣ ስለ ወንዞች። ተሽከርካሪ ወንበሬን ሰሌዳው ፊት አቁሜ ጀመርኩ። መሃል ላይ አረፍ... ትንፋሽ ሰብሰብ... እንደገና። ኋላ ያሉት አንገታቸውን ደፍተዋል። ይሰሙኛል ወይስ ተኝተዋል?

በሩ ተንኳኳ። የጎን ክፍሉ የሒሳብ አስተማሪ ነው።

"ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ግን እባክህ ድምፅህን ቀንስልኝ... የኔዎቹ ሒሳቡን ትተው ያንተን ወንዞች እየጻፉ ነው።"