የምንጦርበት ሰፈር

ሰኞ ጥር 23፣ ጠዋት 1፡30

የጌታሁንን ጉልበት አሽቼ ጨረስኩ። ቅባቱ እያለቀ ነው። ውጭ የከባድ መኪና ሞተር፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የተሸካሚዎች ጭቅጭቅ። ፀሐይዋ ገና ሳትጠና።

መተማ ዮሐንስ ከገባን ሦስተኛ ቀናችን ነው። አንቺን ግን ዛሬ ነው ያወጣሁሽ፣ ደብተሬ። እስካሁን መጻፍ አልሆነልኝም ነበር። መንገዱ ነው። ከጎንደር ስንነሳ ሾፌሩ ስልካችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ አለን። ሁለት ጊዜ አስቆሙን፣ ሁለት ጊዜ ተፈተሽን። ማን እንደፈተሸን ቀና ብዬ አላየሁም። ጌታሁን ይህን ሁሉ ተኝቶ አለፈው። ባሌ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ አብደራፊ እርሻ ላይ ሃያ ዓመት ትራክተር ነድቷል፣ ቆላ አያስፈራውም።

የመጣነው ለእሱ ጉልበት ብለን ነው። የጎንደር ብርድ ጨረሰው። ክረምት በገባ ቁጥር አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ሞቃት አገር ይሻልሃል አለው። እኔም ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ፤ ከዚህ በኋላ ጠመኔ የለም። ለጊዜው ለበዓልና ለዕረፍት የምንመላለስበት፣ ኋላ ጠቅልለን የምንጦርበት ቤት እንፈልግ ተባባልን። ተባባልን እላለሁ እንጂ እሱ ነው ያለው። 

የሴሚስተሩ ዕረፍት በሳምንቱ ያልቃል። እስከዚያ ሰፈር መምረጥ አለብን።


ማክሰኞ ጥር 24፣ ከሰዓት 9፡00

ያረፍነው ከጉምሩኩ መኪና ማቆሚያ ጀርባ፣ እትዬ ዘይነብ ግቢ ነው። የሱቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ የሱዳን ሽቶ። ጌታሁን ገና በእርሻው ዘመኑ ደንበኛቸው ነበር። በግቢያቸው አንድ ጎማ ጠጋኝ፣ አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ በፊት ለፊቱ ክፍል ሁሉ ሰው። ሁሉም በር ክፍት። ማንም ገብቶ በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ በአንገረቡ ላይ ይቀመጣል፤ አልጋ ነው ወንበር ነው አይለይም። እዚህ መኖር አልችልም። ጆሮዬ ፈነዳ።

ጠዋት ግን ጌታሁን ያገኘው ደላላ ከከተማው ዳር፣ ወደ ኮኪት በሚያስወጣው መንገድ ላይ ወዳለ ሰፈር ወሰደን። ደብተሬ፣ ወደድኩት። ፈርቼ የመጣሁት ሴትዮ ወደድኩት። ሰፊ ግቢ፣ አራት የኒም ዛፍ፣ የራሱ የውኃ ጉድጓድ። ጥላው ሥር ነፋስ አለ። ከሁሉ ከሁሉ ዝምታው።

ባለቤቷ ወ/ሮ ስንዱ ይባላሉ። ጥቁር ለብሰዋል። ባላቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ዘንድ ባሕር ዳር ሊገቡ ነው። ቤቱን ሲያሳዩን ዓይናቸው ከበሩ አልተነቀለም። በሩ የብረት መወርወሪያ አለው፣ እንደ ክንዴ የወፈረ። በቀትር ያ ሁሉ የሰፈሩ በር ዝግ ነበር። ለምን አልኩት ደላላውን። ሙቀት ሽሽት ነው አለ።

ለእትዬ ዘይነብ ነገርኳቸው። ጎረቤት አነጋግራችሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንም አልወጣም አልኳቸው። እንግዲህ ብለው ሳሙናቸውን መደርደር ያዙ።


ረቡዕ ጥር 25

ገበያ መሐል ተኩስ። ሩቅ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ይሁን ከወዲህ አላወቅሁም። ሰዉ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ጆሮውን ሰጠ፣ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። መቼ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ዳቦ ሻጯ አይታኝ ኖሮ መጥታ ብብቴ ሥር ገብታ አነሳችኝ። እስከ ቤት አደረሰችኝ።

ለጌታሁን እንመለስ አልኩት። ሳቀ። ትለምጂዋለሽ አለ። መልመዱን ነው የምፈራው።


ሐሙስ ጥር 26፣ 11፡10

ጌታሁን የለም። ከምሳ በኋላ ከደላላው ጋር የግቢውን ወሰን ሊያይ ሄደ። እኔ ራሴን አሞኝ ቀረሁ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ወደ ኮኪት መውጫ ተኩስ ተሰማ፤ የዛሬው ሩቅ አይደለም። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ።

የምጽፈው እጄ ሌላ እንዳይሠራ ነው።

11፡30። ደላላው መጣ። በአንድ እግሩ ጫማ የለም። ብቻውን ነው። ባጃጁ አልጠብቅም ብሎ ጥሏቸው ሄዶ፣ በእግር ሲመለሱ ተኩሱ መሐል ገቡ። ሮጥኩ አለ። ከኋላዬ ያለ መስሎኝ አለ።

ከኋላው። ያ ጉልበት እንዴት ይሮጣል።

12፡00። ከተማው መውጫ ላይ ያሉት ጥበቃዎች ጋ ሄድን። ከከተማው መውጫ በላይ አሁን ማንም አያልፍም፣ ሲነጋ ሂዱ አሉን። እትዬ ዘይነብ ለመኑ፣ ተቆጡ። አልሆነም። ጎማ ጠጋኙ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የተከተለን። ዳቦ ሻጯ እጄን ይዛለች። እነዚህን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አላውቅም።


አርብ ጥር 27፣ ጠዋት 4፡00

ተገኘ። በሕይወት። ጌታዬ ሆይ።

ሲነጋጋ ወጣን። አንቺ ቅሪ አሉኝ፣ አልቀረሁም። ጎማ ጠጋኙ፣ አራት ተሸካሚዎች፣ እትዬ ዘይነብ በዚያ ዕድሜያቸው። ሁለቱ ተሸካሚዎች አንገረብ ይዘው ነበር። ለምን እንደያዙት የገባኝ መሰለኝ፤ ሬሳ ለመጫን ነው ብዬ።

ከሰፈሩ ሥር ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነበር፣ አሸዋው ላይ። ከወ/ሮ ስንዱ አጥር ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጥይት አልነካውም። ጉልበቱ ተቆልፎ እንቢ ብሎታል። ስሜን ሲጠራ አላለቀስኩም፤ ውኃውን በእጁ መያዝ ሲያቅተው ነው ያለቀስኩት። በአንገረቡ ተሸክመው አመጡት። አንዱም ደከመኝ አላለም።


አርብ፣ ከሰዓት 10፡00

ጥቂት ተናገረ። ተኩሱ ጋብ ሲል፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በደረቱ እየተሳበ ወደ ቤቶቹ ወጥቷል። ሦስት በር አንኳኳ። እኔ ነኝ፣ ቤቱን ሊያይ የመጣሁት ነኝ፣ እያለ። ውስጥ የሰው ኮቴ ሰምቷል። ሬዲዮ ሲዘጋ ሰምቷል። ማንም አልከፈተም። ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ወረደ።

ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። አለመቆጣቱን ነው የፈራሁት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ያ ፍተሻውን ሁሉ ተኝቶ ያለፈ ሰውዬ።


ቅዳሜ ጥር 28፣ ከቀኑ 7፡00

ሄድኩ። ከጎማ ጠጋኙ ጋር። እሱ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወ/ሮ ስንዱን ልሳደብ ነበር የሄድኩት፤ በመንገድ ሁሉ ቃሉን ሳዘጋጅ።

አልከፈቱም። በበሩ ስንጥቅ ዓይናቸውን አየሁት። ባሌ ሲጣራ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ከስንጥቁ ሸሸ። ከዚያ፦

«ሰምቻለሁ። የእኔንም ባል ስሙን ጠርተው ነው አውጥተው የወሰዱት። እኔ ነኝ ክፈት አሉት። የሚያውቀው ድምፅ ነበር፣ ከፈተ።»

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወራቸው ነው። አርፏል ያሉን ሬሳው ተገኝቶ አይደለም። መጠበቁ ስላቃታቸው ነው ጥቁር የለበሱት። ባሕር ዳርም ልጅ የላቸውም። ቤቱ ሲሸጥ የት እንደሚገቡ አያውቁም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በሩን ሳይከፍቱ ነው።

ያዘጋጀሁት ስድብ ጠፋኝ። አቧራው ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ። እሳቸውም ከወዲያ በኩል የተቀመጡ መሰለኝ፤ ትንፋሻቸው በብረቱ ይሰማኝ ነበር። እኔ ብሆን እከፍት ነበር ወይ? ደብተሬ፣ ለማንም የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽ። አልከፍትም ነበር።

ቤቱን እንደማንገዛው ነገርኳቸው። አውቄያለሁ አሉ።


እሑድ ጥር 29፣ ጠዋት 3፡30

ጌታሁን ትናንት ማታ ከራት በፊት እንመለስ አለ። ብርዱ ይግደለኝ አለ። ሰኞ ዕለት እንዲህ ቢለኝ እግሩን እስመው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ተሸካሚዎቹ ሊጠይቁት መጡ፣ ጎማ ጠጋኙም። ግቢው ሞላ። ምንም የረባ ወሬ አላወሩም። ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ሙቀት፣ አንዱ ስለሚያገባት ልጅ። አንድ ከባድ መኪና ውጭ እያጓራ ሲያልፍ ጌታሁን ከተኛበት ቀና አለና ይሄ መኪና ናፍጣ እየጠጣ ነው፣ ሾፌሩ አልሰማውም፣ አለ። ከጎማ ጠጋኙ ጋር በዚህ ተከራከሩ። ከሐሙስ ወዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር ገና ዛሬ ሰማሁት። ሰዎቹ ሲወጡ በሩን ዝጊው አላለኝም።

ቆይቶ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «እትዬ ዘይነብን ክፍል ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለ።

ጠየቅኋቸው። በጓሮ በኩል ሦስት ክፍል ባዶ አለ። ሁለቱን ለእኛ ያዝኩ። መግዛት የለም፣ ኪራይ ነው። ለፋሲካ እንመጣለን። ከሰኔ በኋላ አንድ ክረምት እንሞክራለን። ያንን መንገድ ደግሞ መምጣት አለ። ፍርሃቱ አለቀ እንዳትዪኝ። ብቻ ብጮህ የሚሰማኝ ሰው ያለበት ሰፈር ይሄ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ለወ/ሮ ስንዱ ቢሆንስ ብለንም ተነጋገርን። ጌታሁንን መጀመሪያ ነው የጠየቅሁት፤ አሸዋው ላይ ያደረው እሱ ነውና። ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆይቶ፣ ይምጡ አለ። እትዬ ዘይነብ ነግሬ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁም፤ ወዲያው መጥረጊያ አንስተው ክፍሉን ገቡበት።

ነገ በማለዳ ተሳፋሪ ነን። ስለዚህ ዛሬ ነው፣ አሁን። ስልካቸውን አላውቅም፣ ደላላው ጠፍቷል። ጎማ ጠጋኙ ባጃጅ ይዞ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ብቻ እንዴት ነው በሩን የማንኳኳው? ስማቸውን ከጠራሁ ያው እንደነዚያ ነው። እኔ ነኝ ክፈቱ ማለትማ ጭራሽ። ዝም ብዬ ካንኳኳሁ ደግሞ አይከፍቱም። እንደ ትናንቱ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አቧራው ላይ እቀመጣለሁ፤ ትንፋሼን ያውቁታል።