አንድ ለእናቴ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅ ነው። ደግሞም ውድ ነህ፤ ቀኝ እጄን አስከፍለኸኛል።

አሥራ አራት ወር ሙሉ ደወልኩልህ። መጀመሪያ ይጠራል አይነሳም፤ ቀጥሎ ዝግ ሆነ፤ ከዚያ «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም» የምትል ሴትዮ መጣች። አሁን ከአንተ ይልቅ እሷን ነው የማውቃት። እማዬ ጋ ግን በየወሩ በሰው ስልክ ትደውላለህ። «ደህና ነኝ በያት» ትላለህ፤ እሷም እያነከሰች ክፍሌ ድረስ መጥታ «ደህና ነኝ ብሏል» ትለኛለች። እኔ ደህና ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩ? ይህን ደብዳቤ አንተ ወዳለህበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ነዳጅ ለሚያመላልሰው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ካላስቀመጠው እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ሳታነበው እንዳትቀደው። ከንዴቴ ሌላ የምነግርህ አንድ ነገር አለ፤ ወደታች ነው ያለው፤ ዘለህ እንዳታየው።

ካርቶኑ የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? የተራራ ብስክሌቴን ፍሬም ከሱቅ ሳይሆን በቀጥታ ከሚሠራው ፋብሪካ አዝዤ፣ ቁመቴን፣ የእጄንና የእግሬን ርዝመት ደጋግሜ ለክቼ ልኬ፣ ሰባት ሳምንት ጠብቄ ያገኘሁት። ከከባድ መኪና ጋራዥህ ከነቱታህ መጥተህ በሩ ላይ ቆምክ። ቀለም ያልነካው፣ ስም ያልተጻፈበት ጥቁር የካርቦን ፍሬም በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ አሳየሁህ። ጠጋ ብለህ በጥፍርህ ቆረቆርከው።

«ይሄማ ፕላስቲክ ነው» አልክ።

«ካርቦን ነው።»

«አንቺ በዚህ ከተራራ ልትወርጂ? ጥርሴ፣ አሞሻል እንዴ?»

ጥርሴ የምትለኝ ላቦራቶሪ ተቀምጬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስቀርጽ ስለምውል ነው። አንተ የጎማ ዳዶ የምታጠብቀው ቁልፉ ላይ በሁለት እግርህ ቆመህ ነው። እኔ ደግሞ የፀጉር ውፍረት የምታህል ትርፍ ካስቀረሁ ሰውየው በማግስቱ «ማኘክ አቃተኝ» ብሎ ይመጣል። ከአንድ ማህፀን ወጥተን እጃችን እንዲህ መለያየቱ ያስቀን ነበር።

አራት እሑድ ሠራን። እማዬ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልላ አነሳችልን። የፍሬኑን ቱቦ በፍሬሙ ሆድ ውስጥ ማሳለፍ አቅቶን ግማሽ ቀን ስንጨቃጨቅ፣ ከወንበሯ ተነስታ ምን እንዳለች አትረሳውም። «ክር ከዚህ ጫፍ አስገቡ፣ ከዚያኛው ጫፍ አቧራ በሚስበው የቤት መጥረጊያ ማሽን ሳቡት። ስንት ሕፃን ስስብ የኖርኩ አዋላጅ ክር ያቅተኛል?» ክሩ እልም ብሎ ገብቶ በሌላው በኩል ብቅ ሲል ሦስታችንም ጮህን። በዚያ ቤት እንደዚያ የጮህንበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከካርቶኑ ጋር አንዲት ትንሽ ቁልፍ መጥታ ነበር፤ የማጥበቂያውን ልክ የምትለካዋ። ወረቀቱ ላይ ለያንዳንዱ ብሎን ቁጥር ተጽፏል፤ ኮርቻውን ለሚይዘው ብሎን አምስት። ቁልፏን አምስት ላይ አድርገህ ታጠብቃለህ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ትላለች፣ ታቆማለህ። በቃ። አንተ ግን ሳቅክባት። «እኔ እጄ ያውቃል። ብሎን በማሽን ምክር አጠብቄ አላውቅም» አልክ። እኔም ካርቦን እንደ ብረት አለመሆኑን፣ ሲያስጨንቁት ጎብጦ እንደማያስጠነቅቅ፣ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ዝም እንደሚል ነገርኩህ። በደንብ ነገርኩህ። እንዳልሰማሁ ብትል አልቀበልም።

ያንተን ልማድ አውቃለሁ። ብሎኑን ታጠብቃለህ፣ እጅህን ታነሳለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ሩብ ዙር ትጨምራለህ። ስትጨምር ከንፈርህ ውስጥ «አንድ ለእናቴ» ትላለህ። ሰው የሰማህ አይመስልህም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማሃለሁ።

ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር። እማዬ በዚያ የብረት ብስክሌት ወላዶችን ልትጎበኝ ስትወጣ ጠዋት የፊት ጎማውን ያሰርከው አንተ ነህ። ከሰዓት ጎማው ወልቆ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች። አባባ በጎረቤት ፊት «እናትህን ልትገድልብኝ ነበር» አለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅህ የነካው ብሎን ሁሉ ሩብ ዙር ይጨመርበታል። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም ያልኩት ስለማዝንልህ ነው። ማዘኔ ምን እንዳተረፈልኝ አየህ።

የመጀመሪያውን ጉዞ እንኳ አታበላሽብኝም፤ እሱ የኔ ነው። አንቴናው ካለበት ተራራ ጫፍ ቁልቁል፣ ድንጋዩ ከሥሬ እየሸሸ፣ አሞርዛተሩ ንዝረቱን እየዋጠልኝ ወረድኩ። አንተ በእማዬ የብረት ብስክሌት ከኋላዬ እየተንኳኳህ «ቀስ! አንቺ ልጅ ቀስ!» ትል ነበር። ታች ስንደርስ ላብህን እየጠረግህ «ፕላስቲኩ ይሄዳል ባክሽ» አልክ። ከአንተ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ኮርቻው ግን ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ልንወጣ ስንል እኔ እጄን ልታጠብ ገባሁ። «እኔ አጠብቀዋለሁ» አልክ። «በትንሿ ቁልፍ!» አልኩህ። «እሺ» አልክ። ውኃው እየፈሰሰ ከሳሎን ድምፁን ሰማሁ። ቀጭ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ደስ አለኝ። ወንድሜ በመጨረሻ ሰማኝ፣ ቁልፌን ያዘልኝ አልኩ። ከመታጠቢያ ቤት ሆኜ «ቀጭ አለ?» ብዬ ጠየቅኩህ።

«አለ» አልክ።

ያቺን «አለ» በቀን ስንቴ እንደምሰማት አታውቅም።

ተራራው ወገብ ላይ፣ ሁለቱ ድንጋዮች መሃል፣ ፍሬሙ ከኮርቻው ሥር ለሁለት ተከፈለ። ኮርቻው ከነቧንቧው ተነቅሎ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። የቀኝ እጄ አንጓ ሁለት ቦታ፣ ትከሻዬ አንድ ቦታ። አዝለህ አወረድከኝ። «ፕላስቲክ ነው ብዬሽ ነበር፣ ብዬሽ ነበር» ትል ነበር፣ እያለቀስክ። ሆስፒታል ሁለት ቀን አልጋዬ ሥር ተቀመጥክ፤ ዓይኔን ግን አላየኸኝም። በሦስተኛው ቀን የመንገድ ሥራ አግኝቶ ሄደ አሉኝ። ስድስት ወር ጥርስ መቅረጽ አልቻልኩም። ማንኪያ ከእጄ ይወድቅ ነበር። አለቃዬ «ጣትሽ ባይመለስ እንግዳ መቀበያው ላይ እናስቀምጥሻለን» ሲለኝ የማለቅስበት ሰው ፈልጌ አንተን አጣሁ።

እስከዚያ ድረስ የተናደድኩት በፋብሪካው ነበር። አፌ ያመጣልኝን ጻፍኩላቸው። «ውድ ደንበኛችን» ብለው መለሱ፤ ፎቶ ላኪ አሉኝ፤ ላክሁ። አንድ ቴክኒሻን በትሕትና ስንጥቁ ብሎኑ ካለበት እንደጀመረ፣ ብሎኑም ከልኩ ሦስት እጥፍ ያህል ሳይጠብቅ እንዳልቀረ ጻፈልኝ። «ማን ነበር ያጠበቀው?» አለ። «ወንድሜ ነው፤ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወንድሜ አይዋሽም» ብዬ ሰደብኩት። በዚያው ሳምንት ምንጣፉን መልሼ ሳነጥፍ ከሶፋው ሥር ያንተን ቁልፍ አገኘሁ፤ ኃይል እንዲጨምር ቱቦ የሰካህበትን። የኔዋ ቁልፍ እኔ እንደጠቀለልኳት ከነላስቲኳ መሳቢያ ውስጥ ነበረች፤ ከቦታዋም አልተነሳች።

እንግዲህ ቀጭ ያለው ቁልፉ አይደለም። ፍሬሜ ነው። ሲሰበር ሰምተኸዋል፣ እጅህ ሥር ተሰምቶሃል፤ እጄ ያውቃል ያልከው አንተ ነህ። እኔም ጠየቅኩህ። «አለ» አልክና ሰቅለህ ሰደድከኝ።

የተናደድኩት ስለሰበርክብኝ አይደለም። ዕቃ ይሰበራል። «ጥርሴ፣ ሰበርኩብሽ» ብትለኝ አንድ ሳምንት እጮህብህ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ካርቶን እንጠብቅ ነበር። ሁለት ቃል ነው። እሷ አቅታህ አጥንቴን አስሰበርክ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፊቴን ማየት አቅቶህ ሸሸህ። ፈሪ ነህ። ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ነበር ሐሳቤ፤ ፊትህን ስለደበቅህ በጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ነገር።

ስለ ቁልፉ ለእማዬ አልነገርኳትም ነበር። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝና ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ከስልክህ በኋላ መጥታ «ምን ብለሽው ነው ልጄ ቤቱን የጠላው?» አለችኝ። እኔን! ቁልፉን ከነቱቦው አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሁሉንም ነገርኳት። «አንድ ለእናቴ»ን ግን አታውቃትም ኖሯል። ምን ማለት እንደሆነ ሳስረዳት ዳሌዋን ማሻሸት ጀመረች።

«ያን ጎማ እሱ አይደለም ያሰረው» አለች።

መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶባት ነበር። ጎማ ጠጋኙ ፈትቶ ጠገነላት፤ ዳዶውን በጣቱ አስገብቶ ቁልፍ ሊያነሳ ዞር ሲል ብስክሌቱን ነጠቀችው። «ቆይ እንጂ እትዬ፣ ላጥብቅልሽ!» አላት። «ምጥ አይጠብቅም!» ብላው ሄደች። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄደችም። ያንተ ዳዶ ከጠዋት ጀምሮ ጥብቅ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ጠጋኙ ሲፈታው አልፈታ ብሎት ተሳድቦ ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«አባታችሁ ብስክሌቷን ሊሸጣት ምክንያት ሲፈልግ ነበር። ጥፋቱ የኔ ከሆነ በዚያው ቤት መዋሌ ነው። የልጅ ጥፋት ከሆነ ግን ይረሳል ብዬ... ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ነገ ስል...»

«አባባ ከሞተስ በኋላ?»

«ከዚያማ አፈርኩ።»

እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። የሃያ ሁለት ዓመት ሩብ ዙርህን ጮህኩባት፣ እጄንም ጮህኩባት። «ጩኺ» አለች፣ «ልክ ነሽ።» አሁን ራሷ ልትነግርህ ትፈልጋለች፤ በስልክ ግን አይሆንም፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ ትላለች። ያቺን «ነገ»ዋን ስለማላምናት ቀድሜያት ነገርኩህ።

ይህን ሰምተህ ግን ነፃ ወጣሁ እንዳትል። የእማዬ ዳሌ ያንተ ጥፋት አይደለም። የኔ እጅ ግን ያንተ ነው። ሁለቱን አታደባልቅብኝ።

ቴክኒሻኑን ይቅርታ ጠየቅኩት። ካርቦን ጨርቅ ላከልኝ፣ በምን በምን አቅጣጫ እንደሚነባበርም ጻፈልኝ። እጄ ሲመለስ መጀመሪያ የጠገንኩት ጥርስ አይደለም፣ ፍሬሙን ነው። እንደ ጥርስ ሞረድኩት፣ ደራረብኩት፣ አደረቅሁት፣ ወለወልኩት። በጥፍርህ ብትቆረቁረው የቱ ጋ እንደተሰበረ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ብቻዬን አንቴናው ጋ ወጥቼ በሁለቱ ድንጋዮች መሃል ወረድኩ። «ቀስ!» የሚለኝ አልነበረም። ታች ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ፤ እሱም አናደደኝ።

ብስክሌቱ ሳሎን ቆሟል። ኮርቻውን ነቅዬ ብሎኑን ላላ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ትንሿም ቁልፍ አጠገቡ አለች፣ አምስት ላይ። ያንተን ቱቦ ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ። መጥተህ እኔ ፊት ታጠብቀዋለህ፤ ቀጭ ሲል እጅህን ታነሳለህ። ሩብ ዙር የለም። ለእናትህም የለም። ቤት ስትገባ መጀመሪያ «ይቅርታ» እንዳትለኝ፤ እሱን ለኋላ አቆየው። መጀመሪያ «ሰምቼዋለሁ» በለኝ።

ነዳጅ አመላላሹ ሐሙስ ይመለሳል፤ ጎኑ ባዶ ወንበር አለው፤ ጠይቄዋለሁ። ብሎኑን ከልኩ በላይ አታጥብቅ፤ እኛንም አታስጠብቅ።

ጥርስ የነከሰችብህ እህትህ፣
ጥርሴ