ነጋቲ እና ነገ

ውድ ሊቤ፣

አካም ጂርታ? አየሽ፣ ኦሮምኛዬ ተሻሽሏል፤ እንዳትስቂብኝ። ፈቲያ ነኝ፣ ሱሉልታ አክስትሽ እትዬ ጠጅቱ ግቢ ተከራይተን የነበርነው፣ ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራሽ የተቀመጠችው። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ብታምኚም ባታምኚም! ለዓመታት ሲያከነክነኝ የኖረ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የቀሰቀሰችብኝ ደግሞ አንዲት ተማሪዬ ናት።

ልጅቷ ወሬኛ ነበረች። ሰሞኑን ድንገት ዝም አለች፣ ጓደኞቿንም ትገፈትራለች። እናቷን ጠርቼ ብጠይቅ «ዕድሜው ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። ይቺን ቃል የት ነው የማውቃት ብዬ ሳስብ፣ ለካ የእናቴ ናት! በዚያ በረብሻው ዓመት ስለ እኔ የምትለው እሷን ብቻ ነበር።

ታስታውሺ እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ ስንመጣ አንድም የኦሮምኛ ቃል አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አስፋልቱን ልትሻገሪ ስትይ «ነጋቲ!» ትይኛለሽ። ነገ እንገናኝ ማለትሽ መስሎኝ «ነገ!» እልሻለሁ። በማግስቱም ትመጫለሽ። እስቲ ማን ይጠረጥራል? ቃሉ እኮ በየቀኑ ይሠራ ነበር!

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ እኛ ጋ ሲደርስ ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቅን። አባትሽ ኦቦ ዱቤ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ዘመዶቻችሁ ወደ ጫንጮ ሊያወጧችሁ ይጣደፋሉ። ዕቃችሁን በጫነው አይሱዙ ላይ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠሽ «ነጋቲ!» አልሽኝ። «ነገ!» አልኩሽ ጮክ ብዬ። ፍራሹን እያየሁ እንኳ አመንኩሽ፤ ወይ ልጅነት!

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ እያለ ሄጄ ጠበቅኩሽ። በሚቀጥለውም ቀን። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔም አላውቀው። ታናሽ ወንድሜ አደም ላይ በሆነ ባልሆነው እጮሃለሁ፣ ምግብ አስጠላኝ። ቤት ውስጥ አባቴ «ወደ ሰፈራችን እንመለስ» ይላል፣ እናቴ «ልጆቹ ለምደውታል» ትላለች፤ እነሱ በተጨቃጨቁ ቁጥር እኔም ይከፋኛል። አባቴ ሲስቅ ደግሞ ይሻለኛል። የራሴ የምለው ስሜት አልነበረኝም እንዴ? እንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣችው የክፍላችን ጀዋሂር «ድሮስ እነሱ እኛን መች ይወዱናል?» አለችኝ። ይህችው ናት፣ ሌላ አልጨመረችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስትሽን ሰላም ማለት አቆምኩ።

እትዬ ጠጅቱ ታገሱ፣ ታገሱና ቧንቧው ጋ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም። ሊቤ ናት የዋሸችኝ። ነገ ብላኝ ቀረች።»

«በአማርኛ ነው ነገ ያለችሽ?»

«አይ፣ ነጋቲ ነው ያለችኝ።»

ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የኔ እናት፣ ነጋቲ ማለት እኮ በሰላም ሁኚ ማለት ነው። ነጋ ሰላም ነው። እሷ ደግሞ ‹ፈቲያ ኦሮምኛ ለመደች፣ ነጋቲ ስላት ነጋ ትለኛለች› እያለች እዚህ ስትኮራብሽ ነበር!»

አልዋሸሽኝም ለካ! ያን ቀን ምሳዬን ጠርጌ በላሁ፣ አደምን አቅፌ ሳምኩት፣ እትዬ ጠጅቱን ስንቴ ሰላም እንዳልኳቸው እንጃ። እናቴ አየችኝና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዕድሜው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ አባቴ አሸነፈና ወደ ከተማ ተመለስን፤ አንቺም ከጫንጮ ሳትመጪ ተለያየን። ታዲያ የተማሪዬ እናት ዕድሜው ነው ትበል እንጂ፣ እኔ ልጅቷ የሆነ ሰው ጎድሎባት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ጠርቼ ልጠይቃት ነው፣ ማን ሄደብሽ ብዬ።

አንቺን ደግሞ ልጠይቅሽ፦ አይሱዙው ላይ ሆነሽ ያልሽኝ ነጋቲ የየቀኑ ነበር ወይስ እንደማትመለሺ አውቀሽ ነበር? ያቺ የኔ «ነገ»ስ ጫንጮ ድረስ ምን ሆና ተከተለችሽ?

እትዬ ጠጅቱ አሁንም እዚያው ጫንጮ እንዳለሽ ነግረውኛል። ቅዳሜ እመጣለሁ። መልሱን በጽሑፍ አልፈልግም፣ ፊትሽን እያየሁ ነው መስማት የምፈልገው። ስትሸኚኝ ነጋቲ በይኝ። እኔ አሁን ትርጉሙን ባውቅም የምመልስልሽ ያችኑ የድሮዋን ነው፤ አንቺ በፈለግሽው ቋንቋ ስሚያት።

ነገ፣
ፈቲያ