የፀሐይ ክሮችና የእኔ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር

የካቲት 9፣ ሰኞ
ለዚህ ደብተር ካልነገርኩ ለማን ልንገር... ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ እጇን አነሳች። የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ ስለሚያነሳው የሳተላይት መሣሪያ እያስተማርኩ ነበር።
«ቲቸር፣ ምስሉ ላይ አንድ ፒክስል ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ከሸፈነ፣ መሣሪያው ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ለይቶ ያያል ማለት ነው?»
«በጭራሽ!» አልኩ ቆፍጠን ብዬ። «ሁለት ነገሮች ተለያይተው ካልታዩ...»
አፌ ላይ ቀረ። አምና ስለዚሁ መሣሪያ ባቀረብኩት ሪፖርት «ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ለይቶ ያያል» ብዬ የጻፍኩት እኔው አልነበርኩ? ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ
ከእኛው መሣሪያ የበለጠ አጥርቶ የሚያይ ቴሌስኮፕ ከእኛው ጋር በአንድ ሰዓት ያነሳውን ምስል አወረድኩ። የእኛን እስኪመስል ጥቂት በጥቂት አደበዘዝኩት። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ... አይመስልም። ሺህ ላይ... ገና። ሺህ ስምንት መቶ ላይ መንታ ሆኑ። ሦስቴ ደገምኩ። ያው። መሣሪያችን ከዚህ ያነሰ ነገር ለይቶ አያይም ማለት ነው።
የእኔስ ይሁን። የቢሮ ጓደኛዬ ሚልክያስስ? ማስተርሱን የሠራው በእኔ ቁጥር ነው። «ፀሐይ ላይ ቀጫጭን የጋለ ጋዝ ክሮች አገኘሁ» ይላል፤ የአብዛኞቹ ስፋት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ለካ የለካው የመሣሪያውን ብዥታ ኖሯል! ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ዲፌንሱ ደግሞ ዓርብ ነው።

የካቲት 11፣ ረቡዕ
ልነግረው ሄድኩ። መች ፋታ ሰጠኝ!
«ሩቲዬ፣ እማዬ እኮ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ዳታዋን ይዛ፣ ዘመድ አስከትላ ከአገር ቤት ከጉኑኖ ልትመጣ ነው! አንቺማ የፊት ወንበር ነሽ።» የምስጋና ገጹን ዘረጋልኝ። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ እኔ። ከአማካሪው ከዶክተር ጦና በላይ!
ሳቅኩ። እንዴት አስቻለኝ?

የካቲት 12፣ ሐሙስ
ነገርኩት። ምስሎቹን ጎን ለጎን አየ።
«መቼ ነው ያወቅሽው?»
«ማክሰኞ።»
«ትናንት ስትስቂ ነበር እኮ።»
ከቁጥሩ ይልቅ ይቺ ገደለችኝ። አብረን ዶክተር ጦና ዘንድ ሄድን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው «አስተማሪ ሆነሽ!» ብቻ። ዲፌንሱ ለግንቦት ተላለፈ።

የካቲት 13፣ ዓርብ
የሚልክያስ እናት፣ እማማ አሳየሽ፣ «ዲፌንሱ ቀርቷል» ቢባሉም መጡ። ያዘጋጁት ምግብ ይበላሽ?
«ምነው፣ ፀሐይ ሸሸች እንዴ?» አሉኝ።
«ፀሐይማ ቦታዋ ናት እማማ። ልጅዎን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»
ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ሳህን ወደ እኔ ገፉ። «ብይ።» ዳታው አቃጠለኝ፤ ዕንባዬን በዳታው አመካኘሁ።
ሚልክያስ ፊቱን ሳያዞር፣ «ነገ ሁለት ሰዓት ቢሮ ነኝ። ምስሎችሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።
ጽሑፉ ውስጥ አርባ ሁለት ክሮች አሉት። አንድ በአንድ እንለካቸዋለን። ከብዥታው በግልጽ የሚሰፋ አንድ እንኳ ከተረፈ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ካልተረፈም... እጽፈዋለሁ።