ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የተጋደመው ቦምብ ጣይ

ዎልድቢ መንደር፣ ሊንከንሻየር
እሑድ ማርች 5 ቀን 1989

ለውድ እህቴ ለገርሊንድ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የሃምቡርግ እርጥበት ዘንድሮም እንዳልማረሽ ይገባኛል። እኔ «ደኅና ነን» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ የኔን «ደኅና ነን» ከጥንትም ታውቂዋለሽ። ክሊፎርድ አለ። እኔም አለሁ። ዝናቡም አለ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። መልሱ የዘገየው ተቀይሜሽ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃቸዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ መንደር ውስጥ ያለው ሱቅ እስከ ነገ ስለማይከፈትና ሌላ ወረቀት ስለሌለኝ ይህን አልቀደውም።

እንዳልተረዳሁሽ እንዳታስቢ ያልሽውን በራስሽ ቃል ልድገመው። ለገና በላክሁልሽ ፎቶግራፍ ላይ ክሊፎርድን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አየሽው፤ ከፊቱ የተጋደመውንም፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስሙንም አየሽ። «እናታችንንና ወንድማችንን ኡዌን የገደለው አውሮፕላን ምግብ በምትበሉበት ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለቀዶ ጥገናው ሆስፒታል ስገባ ሁለት ሳምንት መጥተሽ እንደምታስታምሚው ጻፍሽ፤ ያ ነገር ከቤት ከወጣ ብቻ። ከሥሩም «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብለሽ አሰመርሽበት።

እሺ። እንግዲያው ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ።

ባለፈው ሴፕቴምበር ስትሮክ ክሊፎርድን ሲመታው ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ወሰደበት፤ ቀጥሎ አንደበቱን ወሰደ። ከቃላት ሁሉ አንዲት ብቻ ተረፈችው፤ ማክሰኞ። ለምን እሷ እንደሆነች ሐኪሞቹም አያውቁም። ሻይ ሲፈልግ ማክሰኞ፣ ሲያመው ማክሰኞ፣ ድመቷ እግሩ ላይ ስትወጣ ማክሰኞ። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው የመንደሩ ነርስ፣ ሲስተር ማቪስ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጠራት መስሏት «ባልዎ ልቡ ወደኔ ሸፍቷል፤ ይጠንቀቁ ወይዘሮ ብሌኪ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ኖቬምበር ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሾርባ ሳቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። ያንን ሰው ታውቂው የለ? ድስት ጠርጎ የሚበላውን?

ሲስተር ማቪስ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ፣ እጁን የሚያሠራ ነገር ካላገኘሁለት ክረምቱን እንደማይወጣው ነገረችኝ። ድሮ ምን ይወድ እንደነበርም ጠየቀችኝ።

ምን ይወድ እንደነበር አውቃለሁ። ጣሪያ ሥር እንዲቀመጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ክሊፎርድ ያደገው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሆኖ ቦምብ ጣዮቹ ማታ ማታ ሲነሡ ይቆጥራል፣ ሲነጋ ሲመለሱ ይቆጥራል፤ የጎደሉትን አብራሪዎች ደግሞ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ እናቱ የብዙዎቹን ሸሚዝ ታጥብ ነበርና። እሱ ሲነሡ ቆጠረ፤ እኔ ሃምቡርግ ሲደርሱ ምድር ቤት ሆኜ ሰማኋቸው። ይህን በመካከላችን አስቀምጠን ሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ጠጣንበት። እናታችንና ወንድማችን በዚያ እንደሞቱ ያውቃል። ከዚያ በላይ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ነግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ ትልቅ ሣጥን ይዞ መጣ። የላንካስተር ቦምብ ጣይ ሞዴል፣ ገና የሚገጣጠም፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ከክንፍ እስከ ክንፍ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሴንቲሜትር። አንድ ሽማግሌ ጓሮው ውስጥ ባለች ዛኒጋባ ፕላስቲክ እያሞቀ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየዘረጋ፣ አየሩን ከሥር በሞተር እያስመጠጠ የሚያወጣው ነው። አርባ ያህል ብቻ ሠርቶ ሞተ፤ ቅርጹንም ልጆቹ ለማገዶ አዋሉት አሉ። «ይህ እኔ ቤት ውስጥ አይገጣጠምም» አልኩት። «እሺ የኔ ፍቅር» አለኝ። ሣጥኑን ተሸክሞ መሰላሉን ወጣ፤ ሲወርድ እጁን ታጥቦ ድንች መላጥ ጀመረ።

እንግዲህ ያንን ሣጥን ያወረድኩት ራሴ ነኝ፤ ከነአቧራው፣ ከነሸረሪት ድሩ።

ስከፍተው አውሮፕላን የሚመስል ነገር አልነበረበትም። ነጭ የፕላስቲክ ገበታ ብቻ፤ በላዩ ላይ ቅርጾቹ እንደ ዳቦ አብጠዋል። ብሎኑ የለ፣ ቀዳዳው የለ፣ እዚህ አጣብቁ የሚል ቁጥር የለ። ክሊፎርድ ግን ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «ማክሰኞ» አለ፤ ግራ እጁን ዘረጋና አንዷን ገበታ እንደ ድመት ዳበሳት።

ከዚያ ወዲህ ጥዋት ጥዋት ሥራችን ይኸው ነው። እኔ በእያንዳንዱ ቅርጽ ዙሪያ በእርሳስ አሰምራለሁ፣ በምላጭ እበጣለሁ፣ ሰብሬ አወጣለሁ። ከዚያ ጠርዙን በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት ላይ አሻለሁ፣ ልክ የእርሳሱ መስመር ሲጠፋ አቆማለሁ። ያኔ ሁለቱ ግማሾች ይገጥማሉ። ከመስመሩ ካለፍሽ አለቀ፤ ምትክ የለውም፣ ሠሪውም መቃብር ውስጥ ነው። ክሊፎርድ ጠርዙን በግራ አውራ ጣቱ ዳስሶ ያያል። ደግ ዳኛ እንዳይመስልሽ! ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይመልሰኛል። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሾርባውን ጠጣ። በሦስተኛው ማንኪያውን ራሱ ያዘ። አሁን ጥዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ብርድ ልብሱን በግራ እግሩ ይገፋል። የሚነሣው ለኔ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅናት? አዎ፣ ትንሽ።

ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ የማነሣው ግን እኔ ነኝ። አንጀቴ የወረደው በዚያ ነው። ቀዶ ጥገናው ለማርች 29 ተቀጥሯል፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይዘገይም ብሏል። ሰው ካላገኘሁ ክሊፎርድ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ይገባል። ሲስተር ማቪስን ስለ ቤቱ ጠየቅኳት፤ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልም። «ለሁለት ሳምንት ተብለው የገቡ አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ብሌኪ» አለችኝ። «ሲወጡ ያየሁት ጥቂት ነው። አልጋ ላይ ይተዉአቸዋል። እሱን ደግሞ አልጋ ላይ ከተዉት ፊቱን እንደገና ያዞራል።» አውሮፕላኑን ይዞ ይግባ ብዬ ጠይቄ ነበር። ምላጭና ሙጫ አይፈቀድም አሉ።

ደብዳቤሽ የመጣው እንዲህ ባለሁበት ቀን ነው። አንብቤ ኪሴ ከተትኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የያዝኩት የአውሮፕላኑን አካል ግራ ግማሽ ነበር፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ከክንድ የሚረዝመው፣ ትልቁ። ማሸት ጀመርኩ። «ወይ እሱ ወይ እኔ» እያልኩ ነበር የማሸው። የእርሳሱ መስመር ሲጠፋ አይቼዋለሁ። ሳላየው ያመለጠኝ እንዳይመስልሽ፤ በደንብ አይቼዋለሁ። እጄ ግን አልቆመም። ክሊፎርድ «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» ሲል እሰማለሁ። በመጨረሻ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ተንጠራርቶ በግራ እጁ አንጓዬን ያዘኝ። ጠርዙ ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ አክሏል።

ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሁሉንም። በጀርመንኛ ጀምሬ በእንግሊዝኛ ጨረስኩ።

ገርሊንድ፣ አንቺ ያን ሌሊት አታስታውሺውም። ሦስት ዓመትሽ ነበር። የምትቆጪው ከመጽሐፍ አንብበሽና እኔ ከነገርኩሽ ተነሥተሽ ነው። እኔ የነገርኩሽ ደግሞ እማማ ምድር ቤት ውስጥ ኡዌን አቅፋ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ነው። አክስታችን ስትጠይቀኝ ያልኩት እሱን ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የመጣልኝን ተናገርኩ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ማውረጃው ጠፋኝ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ አበባ ይዘሽ ስትሄጂም ያንኑ ደገምኩልሽ።

ለክሊፎርድ የነገርኩት ግን ይህን አይደለም። እማማ ጭሱ ሲበዛ ሦስታችንንም በምድር ቤቱ ግድግዳ ቀዳዳ ገፍታ አስወጣችን። «ሁለቱንም ያዢ፤ እኔ እከተላለሁ» አለችኝ። አንቺን አቀፍኩ፣ ኡዌን በእጁ ያዝኩ። ነፋሱ ወደ እሳቱ ይጎትተናል። አስፋልቱ ቀልጦ ነበር፤ የኡዌ ጫማ ተያዘ፣ ከዚያ እሱ ተቀመጠ። «እግሬን» አለኝ። ላነሣው ሞከርኩ። አምስት ዓመቱ ነበር፣ ደልደል ያለ ልጅ ነበር። ሁለታችሁን መሸከም አልቻልኩም። አንቺ ቀላል ነበርሽ።

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ አርባ አምስት ዓመት ፈልጌም አላገኘሁም።

ክሊፎርድ እያየኝ አለቀሰ። ከዚያ «ማክሰኞ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ እጄን ሳይለቅ። ይቅር እያለኝ ይሁን፣ እየገረመው ይሁን፣ ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሣጥን ከበር አላስገባም ነበር ማለቱ ይሁን፣ አላውቅም። ወደፊትም አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል የሞላው ሰው አጠገቤ ተኝቶ ነበር። እኔ የነገርኩት ቃሉ ሲያልቅበት ነው።

በማግሥቱ ሣጥኑን ወደ ጣሪያው ልመልሰው ተነሣሁ። እሱ ግን ከቁርጥራጩ ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ መርጦ በሳሳው ጠርዝ ላይ አጋደመና አየኝ። በሙጫ ቀጠልነው። ስፌቱ ይታያል፤ ሁለቱ ግማሾች ግን ገጠሙ። አሁን አካሉ ቆሟል። ክንፎቹ ገና ናቸው፤ ሲገቡ የማድ ቤቱን በር ሊዘጉብኝ ነው፣ በምን በኩል ወጥ እንደማወጣ እንጃ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። አውሮፕላኑን አላነሣውም። ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዳንድ ቀን ጨርቅ አልብሼው ነው ምግብ የማቀርበው። ግን እሱን ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ካነሣሁ ክሊፎርድም አብሮ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው ትቼ ሄጃለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም።

የነገርኩሽ ውለታ እንድትመልሺልኝ አይደለም። ያኔ ያቀፍኩሽ መርጬሽ አይደለምና የምትመልሺው ነገር የለም። ልንገርሽ ብዬም አልነበረም፤ ግን እሱን ብነግረው መልስ አላገኘሁም፣ መልስ መስጠት የምትችይው አንቺ ብቻ ቀረሽ። ክፉም ቢሆን።

ኡዌን የገደለው ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ነገር ነው ካልሽ፣ ነይና ጀርባሽን ሰጥተሽው ተቀመጪ። እኔ ነኝ ካልሽም ነይ። ሆስፒታል ስለምሆን ፊቴን አታይውም። ሁለት ሳምንት ብቻ ክሊፎርድን አንሺልኝ፤ እኔ ብቻዬን ማንሣት አልቻልኩም።

መንገድሽን የቀና፣ ጉልበትሽን የጸና ያድርግልሽ። ላለመምጣት ብትወስኚም ምርቃቴ ያው ነው፤ አልቀንሰውም።

እህትሽ
ኢርምጋርድ