የአዋላጇ ባል

ገበዝ ማርያም፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባምላኩ፤
ፍኖተ ሰላም

ባለቤቴ ውዳሴ በአዋላጅነት ወደተመደበችበት ወደዚህ ደጋ ተከትያት ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ስንሰነባበት «ጥምቀትን ከእኛው ጋር ታከብራለህ» ብለኸኝ ነበር፤ እኔም ይህንኑ አስቤ ሻንጣዬን ሳልፈታ ቆየሁ።

ትናንት ጧት ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ አመጧት። በእኛ ከተማ ባጃጅ ይጠራል፤ እዚህ ግን መንገድ ላይ ያለ ወንድ ሁሉ ተራውን ይሸከማል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አየኝና «አባቴ፣ ቆመው ከሚያዩን ቢያግዙን ምን አለበት?» አለኝ። እስከ ጤና ጣቢያው በር የቀረችውን ዳገት ተሸከምሁ። ውዳሴ ከቃሬዛው ሥር ስታገኘኝ ቀና ብላ አየችኝና ሴትዮዋን ይዛ ገባች።

ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ስንጠብቅ የወላዷ አማት አቶ ቸኮለ «የፊተኛዋ ሲስተር ደግ ነበረች፤ ባሏ አገሩን አልለምድም ብሎ ይዟት ሄደ። እርስዎስ ለመዱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሌሎቹም ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

«ለምጃለሁ» አልኋቸው።

ወንድሜ፣ ዋሽቻለሁ። ቃሌ እውነት እንዲሆን ግን፣ የቤታችን ቁልፍ አንተ ዘንድ ነውና፣ ወፍራሙን ጋቢዬንና የበረንዳ ወንበሬን ወደዚህ በሚመጣ መኪና ላክልኝ። የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላብኝ። ባለቤትህን ወይዘሮ አደይን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ጥምቀትን ያለ እኔ አክብሩ።

ወንድምህ ላቀው