ማገጥ ከኮሸሽላው ሥር
መስከረም 28፣ ሱሉልታ

ዛሬስ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ! ባጠርነው የሰፈሩ ግጦሽ ውስጥ ከብት የሚወደው፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ማገጥ በቀለ! ስንት ዓመት እሾሃም ኮሸሽላ ብቻ ወርሶት የኖረ መሬት እኮ ነው። መሬት ሲደክም ኮሸሽላ ይወርሰዋል፣ ሲያገግም ማገጥ ይመለሳል ብዬ አጥሩ እንዳይፈርስ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ እሁድ ዕለት በሰው ፊት፣ "አንቺ፣ ኮሸሽላ ልትጠብቂ ነው ያጠርሽው? እስከ ቅዳሜ ሲደሳ ካላሳየሽን ከብቶቻችንን እናስገባለን!" ብለው አሳቁብኝ። ማገጥን ሲደሳ ነው የሚሉት።

አሳያቸዋለሁ! ችግሩ፣ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ላሜ ቡሬ ናት። "አንድም ከብት እንዳይገባ" እያልኩ ስጮህ ከርሜ፣ የገዛ ላሜ አጥር ጥሳ ስትግጥ ደረስኩባት። ጎትቼ ሳወጣት ሐምራዊው አበባ ከአፏ ተንጠልጥሏል። እዚያው እልል አልኩ! ኦቦ ቶሎሳ ከደጃቸው ሰምተው፣ "ማል ታኤ? ምን ተገኘ?" ብለው ተጣሩ። "ቅዳሜ ያዩታል!" አልኳቸው፣ ቡሬን በነጠላዬ ልከልል እየሞከርኩ።

ከቡሬ የተረፈውን አበባ ሲያዩ እንደሚያምኑኝ አውቃለሁ። ግን ጎንበስ ካሉ አጠገቡ የቡሬ ኮቴ ዱካ አለ። እስከ ቅዳሜ አንድ ዝናብ ቢጥልልኝ...